ስድስቱ ለየብቻቸው ምን ያህል ናቸው? — ስለ ተገጣጣሚ ሮቦት መጫወቻዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው ልጄ፣ ስድስት የግንባታ ማሽኖች ተገጣጥመው አንድ ግዙፍ ሮቦት የሚሆኑበትን ዴቫስቴተር የተባለ የትራንስፎርመርስ መጫወቻ ለልደቱ እንድገዛለት ይወተውተኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ሙሉ ስብስብ አንድ ሰው ተጠቅሞበት አሁን ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። እኔ በልጅነቴ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቼ የተጫወትኩ ሰው ስለሆንኩ ስለዚህ ነገር እምብዛም አላውቅም። ገንዘቤን ከመክፈሌ በፊት ምኑን አይቼ፣ በምንስ መዝኜ ልወስን? — የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ የተጫወተ ሰው ስለዚህ ነገር አያውቅም ቢባል አልቀበልም። ቆርኪው በሽቦው ላይ ሲላላ መኪናው ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብል ያኔ አይተዋል፤ የዚህ መጫወቻ ጣጣም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ ዕቃውን እናስተዋውቅ። ዴቫስቴተር በትራንስፎርመርስ ስም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ቅርጹ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የጃፓኑ ታካራ ኩባንያ ዳያክሎን በተባለው የመጫወቻ ተከታታይ ውስጥ ያወጣው ነበር፤ የአሜሪካው ሃስብሮ ከታካራ ወስዶ አዲስ ስምና አዲስ ታሪክ ሰጠው። ስድስቱ አባላት አዲስ አበባ ውስጥ በማንኛውም የሕንፃ ግንባታ አጠገብ ያለፈ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ማሽኖች ናቸው፦ ሎንግ ሆል ገልባጭ መኪና፣ ሚክስማስተር የኮንክሪት ሚክሰር፣ ስክራፐር ሎደር፣ ቦንክራሸር ዶዘር፣ ስካቬንጀር ኤክስካቫተር፣ ሁክ ደግሞ ክሬን። ሲገጣጠሙ ሚክሰሩ ግራ እግር፣ ሎደሩ ቀኝ እግር፣ ገልባጩ ወገብና ዳሌ፣ ክሬኑ ደረትና ትከሻ፣ ዶዘሩ ግራ እጅ፣ ኤክስካቫተሩ ቀኝ እጅ ይሆናሉ። እርስዎ የጠየቁት የ2015ቱ እትም ኮምባይነር ዋርስ በተባለው ተከታታይ ሥር የወጣ፣ ተገጣጥሞ ሲቆም 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በአዲስነቱ በአሜሪካ ወደ 150 ዶላር ይሸጥ የነበረ ስብስብ ነው።

አብዛኛው ገዢ በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በግዙፉ ላይ ነው። እኔ ግን ይህን ዓይነት መጫወቻ ስመዝን ከግዙፉ አልጀምርም። ከወንድሜ ልጆች ጋር ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ልጅ ግዙፉን አቁሞ በጨረሰበት ሰዓት ቤተ ሰቡን ሁሉ ጠርቶ ያሳያል፤ ግዙፉም ለሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተከብሮ ይቆማል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቀኝ እጁ ከቦታው ይጠፋና፣ ኤክስካቫተሩ ምንጣፍ ላይ የተበተነ ሽንብራ ሲዝቅ፣ ገልባጩም አጠገቡ ቆሞ ሲጫንለት ይገኛል። ስለዚህ የመጫወቻው ዕድሜ የሚያልፈው በአብዛኛው ተነጣጥሎ ነው። ስድስቱ ለየብቻቸው ጥሩ መጫወቻ ካልሆኑ፣ የከፈሉት ለስድስት መጫወቻ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ አንድ ሐውልት ነው ማለት ነው፤ ለሐውልት ደግሞ ዋጋው ውድ ነው።

እያንዳንዱን ለብቻው ሲያዩ ሦስት ነገር እንደሚጠበቅበት ያስታውሱ፦ ማሽን ሆኖ መሄድ፣ ሮቦት ሆኖ መቆም፣ የግዙፉ አካል ሆኖ መሸከም። ንድፍ አውጪው ለአንዱ ሲያደላ ሌላው መጎዳቱ አይቀርም፤ ሦስቱንም ያለ እንከን የሚያሟላ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ማሽን ሲሆኑ ጎማቸው ወለል ላይ መንካቱንና መሽከርከሩን፣ የሎደሩ አካፋና የኤክስካቫተሩ ክንድ መንቀሳቀሳቸውን ይሞክሩ። በማሽንነታቸው እነዚህ ስድስቱ መልካም ናቸው፤ ትላልቅና ጠንካራ በመሆናቸው የልጅ እጅ አጥብቆ ቢይዛቸው አይፈሩም። ሮቦት ሲሆኑ ግን የ2015ቱ ስብስብ ጉድለት ይታያል። ሃስብሮ ባወጣው እትም የክንዳቸው እንቅስቃሴ ውስን ሆኖ ክርናቸው የማይታጠፍ አሉባቸው፤ ያን የሚያህል ቁመት ያለው ሮቦት እጁን አጥፎ መሣሪያ መያዝ አለመቻሉ ልጅን ያሳዝናል። ታካራ ቶሚ በጃፓን ያወጣው እትም በዚህ በኩል ተሻሽሏል፤ ሻጩ የያዘው የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ፣ ክርኑንም በእጅዎ አጥፈው ያረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ወደ ግዙፉ ይሂዱ፤ እዚያ ዋናው ጉዳይ ክብደት ነው። ሚክሰሩና ሎደሩ ለብቻቸው ሲቆሙ የሚሸከሙት የራሳቸውን ክብደት ብቻ ነው። ግዙፉ ሲሠራ ግን የስድስት ሮቦት ሸክም በሁለቱ ላይ ይወርድባቸዋል። የእጁ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ አንድ ሙሉ ዶዘር ከትከሻ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሲንጠለጠል፣ የትከሻው መገጣጠሚያ የሚሸከመው የዶዘሩን ክብደት ብቻ ሳይሆን የርዝመቱንም ጉልበት ጭምር ነው፤ ባልዲ ውኃ ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሆነ ውኃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል።

መገጣጠሚያዎቹ በሦስት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው ውስጡ ጥርስ ያለውና ሲያጥፉት ቀጭ ቀጭ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ተጣብቆ በመፋተግ ብቻ የሚይዘው፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ዳሌ አጥንት ኳስና ጎድጓዳ ያለው ነው። ኳሱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር ለትንሹ ሮቦት አንገትና ትከሻ የሚመረጥ ቢሆንም፣ በከባድ ሸክም ሥር ቀስ በቀስ ይላላል፤ ስለዚህ የግዙፉ ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት ቀጭ የሚሉ ካልሆኑ እኔ አልገዛም። ቀጭታውንም ጆሮዎን ሰጥተው ያዳምጡ። ድምፁ ጥርት ያለና እኩል እኩል ከሆነ ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ሳይሰጥ ሸርተት የሚል ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፣ የተበላ ጥርስ ደግሞ አይተካም።

ያገለገለ ስለሚገዙ፣ ሻጩ አቁሞ ባሳየዎት ግዙፍ ብቻ እንዳይረኩ አደራ እላለሁ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመሳሳይ ስብስብ ልገዛ ሰው ቤት ሄድኩ፤ ግዙፉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አምሮበት ቆሟል፣ ቡናም ተፈልቶ ቀርቧል፣ በዚያ ሁሉ መስተንግዶ መካከል የሰውን ዕቃ መፈታታት ነውር መስሎ ታየኝና ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሰን የወንድሜ ልጅ ደረቱን ከወገቡ ሊያላቅቅ ሲሞክር እምቢ አለው፤ ጠጋ ብዬ በባትሪ ብርሃን ባየው ወንዴው (የሚሰካው) ምላስ ሴቴው (የሚሰካበት ቀዳዳ) ውስጥ በሙጫ ተጣብቋል። ተሰብሮ ነበር፤ እንዳይታወቅም በሙጫ ተይዟል። ልጁ ለአንድ ሳምንት ያህል ያን መጫወቻ ቀና ብሎም አላየው። እርስዎ ግን ሳያፍሩ ስድስቱንም ያላቅቁ፣ እያንዳንዱን ከሮቦት ወደ ማሽን ይለውጡ፣ መልሰውም ያቁሙት።

ሲያላቅቁ ፕላስቲኩ በታጠፈበት አካባቢ ነጭ መስመር ካለ ይመልከቱ፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ በደንብ የሚታይ ስለሆነ አያመልጥዎትም። ያ መስመር ፕላስቲኩ ከአቅሙ በላይ ተወጥሮ ለመሰንጠቅ መድረሱን የሚያሳይ ነው። የቪቴዎቹ ራስ ተፍቆ ከሆነ አንድ ሰው ከፍቶት ነበር ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ። የውጪው አረንጓዴ ከብብቱና ከጉልበቱ ጓዳ አረንጓዴ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑንም ያስተያዩ፤ ውጪው ከደበዘዘ መስኮት ሥር ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል፣ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ደግሞ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውም ይቀንሳል። መሣሪያዎቹንና ተነቃይ ክፍሎቹን ከመመሪያው ሥዕል ጋር አስተያይተው ይቁጠሩ። (ሻጩ የ1985ቱን እትም ሊሰጥዎት ቢያስብ ለልጅ አይቀበሉት፤ በዚያ እትም የግዙፉ ራስ፣ ጡጫዎቹና የደረት ሰሌዳው ለብቻቸው የሚመጡ ትናንሽ ክፍሎች ስለነበሩ፣ ሙሉውን ማግኘት ከባድ ነው፤ ሙሉው ከተገኘም የሰብሳቢ ዕቃ እንጂ ምንጣፍ ላይ የሚጎተት አይደለም።)

በመጨረሻ የግዙፉን ቀኝ እጅ ወደ ጎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው እስከ ስልሳ ይቁጠሩ፤ ካልወረደ ትከሻው ደህና ነው። ቀጥሎ አንዱን እግር በትንሹ ወደ ፊት አስቀድመው ያቁሙት። ከዚያም ወገቡን ይዘው ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ያህል ያንሡት፤ እግሮቹ ተንጠልጥለው ከቀሩ ወንዴና ሴቴው በደንብ ይይዛሉ፣ አንዱ እግር ወልቆ ከወደቀ ግን ልጅዎ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞት በሄደ ቁጥር እያለቀሰ ይመለሳል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የልጁ እጅ ነው። ቢቻል ልጅዎን ይዘውት ይሂዱ። መጀመሪያ እርስዎ መመሪያውን እያዩ አንዴ ይሥሩት፣ ሁለተኛውን አብረው ይሥሩት፣ ሦስተኛውን ለእሱ ይተዉለት። ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው ልጅ በሦስተኛው ኤክስካቫተሩን ያለ እርስዎ እጅ ወደ ቀኝ እጅ መለወጥ ከቻለ ዕቃው የእሱ ነው። ጣቱ አቅም አጥቶ እየታገለ ወደ እርስዎ ቀና ካለ ግን ሁለት ዓመት መጠበቅ ይሻላል፤ አባት ካልመጣ የማይገጠም መጫወቻ ለልጅ የተገዛ አይደለምና። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መገጣጠሚያው ጤነኛ ከሆነና ልጁ ራሱ መለወጥ ከቻለ፣ ክርኑ ባይታጠፍም የ2015ቱ ዴቫስቴተር ለልጅ ከወጡት ተገጣጣሚዎች መካከል ልገዛው የምመርጠው ነው። ከአዲሱ ዋጋ በላይ ከጠየቀዎት ግን ለማሽኖቹ ሳይሆን ለብርቅነቱ እየከፈሉ መሆኑን ይወቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። ስድስት ዓመት ለሆነው ልጄ ከመርካቶ አምስት መኪኖች ተገጣጥመው ትልቅ ሮቦት የሚሆኑበት መጫወቻ ገዛሁለት። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ኩባንያ ስም የለበትም፤ ሻጩ “ያው ነው፣ እንዲያውም ከኦሪጅናሉ ይተልቃል” አለኝ። ሲከፈት የሚያፍን ሽታ ነበረው፣ ደረቱም ላይ መብራት አለው። ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ከአምስት ወር የሆናት ልጅም አለችኝ። እንዲጫወትበት ልተወው ወይስ ልውሰድበት? — እናት

መልስ፦ እመቤቴ፣ በመጀመሪያ ደረቱን ይመልከቱ። የመብራቱ ባትሪ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ትንሽ ባትሪ ከሆነና ክዳኑ ያለ ካቻቢቴ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ፣ ይህን መልስ አንብበው ከመጨረስዎ በፊት ተነሥተው ባትሪውን ያውጡት፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታም ያኑሩት። ክብ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ሥጋን ሊያቃጥልና ሊበሳ ይችላል። ሕፃኗ ውጣለች ብለው ከጠረጠሩ እስኪወጣ አይጠብቁ፣ እንድታስመልስም አያድርጉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷት።

ሁለተኛው ትናንሾቹ ክፍሎች ናቸው። በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ፣ ውስጡ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል እንዳይኖረው በሕግ የተከለከለ ነው፤ መለኪያው የሕፃን ጉሮሮን ስፋት ታሳቢ ያደረገ ነው። በቤትዎ የመጸዳጃ ወረቀት ካለቀ በኋላ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይችላሉ፤ ከመለኪያው ሰፋ ስለሚል እንዲያውም ይበልጥ ጥንቃቄ ያሳድራል። ጡጫ፣ ሽጉጥ፣ ሰይፍ፣ የጎማ ጫፍ፣ አንድ በአንድ ይሞክሯቸው፤ ቱቦው ውስጥ የገባውን ሁሉ ሕፃኗ ባለችበት ክፍል አያስገቡ።

“ከኦሪጅናሉ ይተልቃል” የተባለው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ቅጂ አምራቾች የሌላውን ቅርጽ ወስደው ያገዝፉታል። ቁመት እጥፍ ሲሆን ግን የፕላስቲኩ ውፍረት በዚያው ልክ ካደገ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ መገጣጠሚያው የሚገናኝበት ስፋት የሚያድገው ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ክብደቱን ለመቀነስ ፕላስቲኩን ያሳሱታል፤ የሳሳው ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ማጠፊያዎቹን የያዙት የብረት ፒኖች ጫፋቸው ከፕላስቲኩ ወጣ ብሎ እንደሆነ በአውራ ጣትዎ ዳብሰው ይፈትሹ፤ የወጣ ካለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ይግፉት፣ ተመልሶ ከወጣ ያንን ክፍል ያስወግዱ።

ሽታው ለብቻው መርዝ አለበት ብሎ አይመሰክርም፣ የለበትምም አይልም። የሚያሳስበው ቀለሙ ነው። በአሜሪካ የመጫወቻ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የተባለው ብረት ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አምራቹ ባልታወቀ ዕቃ ላይ ይህን ማን እንደለካው አይታወቅም፣ ሳጥኑ ላይ የታተመ ምልክትም ማንም ሊያትመው የሚችል ስለሆነ መተማመኛ አይሆንም። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠንከር አድርገው ይፈትጉት፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከቀረ፣ ልጁ እጁን አፉ ውስጥ በከተተ ቁጥር ያንኑ ይውጣል። ያን ጊዜ ይውሰዱበት። ቀለሙ ካልለቀቀ፣ ፒኑ ካልወጣና ባትሪው በቪቴ የታሰረ ከሆነ፣ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ሕፃኗ በተኛችበት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቢጫወትበትና ሲጨርስ ክፍሎቹን ቆጥሮ ከፍ ያለ ቦታ ቢያስቀምጥ አይከፋኝም። መቁጠሩንም የሥራው አካል አድርገው ያስተምሩት፤ ልጆች መቁጠር ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት። የኮምባይነር ዋርሱ ሱፐርዮን አለኝ፤ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ደረቱ ሆኖ፣ አራት ትናንሾች እጅና እግር የሚሆኑበት ማለቴ ነው። እጅ የሚሆነውን በእግር ቦታ ስቀይረው ይንገዳገዳል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዕቃው? የላላ መገጣጠሚያስ እንዴት ይጠብቃል? — ወጣት ሰብሳቢ

መልስ፦ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ማንኛውም ትንሽ ሮቦት በማንኛውም ቦታ፣ እጅም እግርም ሆኖ እንዲገባ የሚያስችለው ንድፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሱፐርዮን፣ ሜናሶር፣ ብሩቲከስና ዲፌንሶር በዚያ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ የ2015ቱም ያንኑ ተከተለ። ጥቅሙ መለዋወጡ ነው። ዋጋው ደግሞ የትኛውም አባል ለአንድ ቦታ ብቻ ታስቦ አለመሠራቱ ነው፤ ዴቫስቴተር ላይ ሚክሰሩ ሁልጊዜ እግር ስለሆነ ለእግርነት ተመቻችቷል፣ ከአራቱ ትናንሾች አንዱ የሆነው ያንተ ሄሊኮፕተር ግን ሁለቱንም መሆን ስላለበት በአንዱ መጎዳቱ አይቀርም። ጡጫም መርገጫም ሆኖ የሚያገለግለውን ያንን ተነቃይ ክፍል በደንብ ተመልከተው፤ እንደ መርገጫ ሲገባ እስከ መጨረሻው ካልተገፋ ግዙፉ ይንገዳገዳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኸው ብቻ ነው።

እውነት የላላ ኳስ ከሆነ የጥፍር ቀለም አትቀባው፤ ውስጡ ያለው ማሟሚያ ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ባለሙያዎች ሲያደርጉት ብታይም ከተሰነጠቀ የሚያለቅሰው ባለቤቱ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ የቴፍሎን ጥቅልል ግዛ። ኳሱን ቀስ አድርገህ አውጣው፣ ከቴፍሎኑ የጣትህን ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ቆርጠህ አንድ ጊዜ ብቻ ዙሪያውን አልብሰው፣ መልሰህ ጎድጓዳው ውስጥ ግፋው። ሁለት ዙር ካደረግህ ጎድጓዳው ይሰነጠቃል። በቪቴ የተያዘ መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይዘህ በሩብ ዙር ብቻ አጥብቀውና ሞክረው፤ አሁንም ከላላ ሌላ ሩብ ጨምር። ቪቴው የገባው ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከተበላ ደግሞ አይነክስምና፣ እምቢ ሲልህ አቁም።